ፈረሱ ውሃ የጠጣበት ፊልም

ፈረሱ ውሃ ሲጠጣ የማያሳይ የካውቦይ ፊልም ገንዘብ አውጥተው ቤት የሚያስቀምጡት አይደለም። ይህን ያስተማሩኝ ጋሽ መርሻ ናቸው፤ እኔም በሥራ ዘመኔ ሁሉ ፈትኜው እውነት ሆኖ አግኝቼዋለሁ። አሁን የቪዲዮ ቤቱን ቁልፍ አስረክቤ ሱዳን፣ ገዳሪፍ ከተማ ቤተ ክርስቲያኑ አጠገብ በተከራየኋት አንዲት ክፍል ተቀምጫለሁ። ከአልጋዬ ሥር የብረት ሣጥን አለ፤ በውስጡ ከመደርደሪያ ሙሉ ካሴት መርጬ ያስቀረኋቸው ጥቂት ፊልሞች አሉ። ሰው ይጠይቀኛል። «እትየ ትርንጎ፣ ጾም ጸሎት የምታውቂ ሴት፣ ተኩስ ምን ያደርግልሻል?» ይለኛል። መልሱ ረዘም ስለሚል ነው ወረቀት ያነሣሁት።

የቪዲዮ ቤቱን የለቀቅሁት ማንም አባሮኝ አይደለም። ባለቤቱ ሐጅ ዑስማን የሰሊጥ ነጋዴ ነበሩ። እሳቸው ካረፉ በኋላ ልጆቻቸው ከካርቱም ጦርነት የሸሸ ቤተሰብ በረንዳው ላይ ወድቆ አዩና «ኻልቶ፣ ምን ትያለሽ?» አሉኝ፤ አክስቴ ማለታቸው ነው። ምን እላለሁ? እኔም ከደምቢያ ተነሥተን ከእናቴ ጋር እዚህ ስንደርስ ያደርሁት በሰው በረንዳ ላይ ነው። ሰው ካሴትን ይቀድማል። ደግሞ ዓይኔም ደክሟል፤ ከሥር የሚሮጠውን የዐረብኛ ጽሑፍ እንደ ድሮው አልደርስበትም። ዛሬ ሁሉም በስልኩ ያያል። የሥራው ዘመን አለፈ፤ ማለፉን አምኜ ነው ዕቃዬን ማውጣት የጀመርሁት።

ዕቃውን እያወጣሁ ሳለ አያ ባየ መጣ። አያ ባየ የአርማጭሆ ሰው ነው፤ ለሰሊጥ አጨዳ ወደ ድንበሩ እርሻ፣ ፋሽጋ ወርዶ፣ ኋላ ትራክተር ነጂ ሆኖ፣ እዚሁ አግብቶ ወልዶ ያረጀ። ሰላምታውን እንኳ አልጨረሰም።

«የጉራቻውን ፊልም ስጪኝ።»

«ዴክ አለህ?»

«የለኝም። አንቺ ታሳይልኛለሽ። ለእኔ አይደለም፣ ለደመላሽ ነው።»

ደመላሽ የበኩር ልጁ ነው። ምን ሆነ አልሁት። አያ ባየ የጥምጣሙን ጫፍ እያሸ እንዲህ አለ፦ «ወደ አገር ልንገባ ነው፣ በመተማ በኩል። እኔ ለመኖር እገባለሁ። ልጄ የሚገባው ግን ሰው ለመግደል ነው።»

ነገሩ የቆየ ነው። የአያ ባየን ታላቅ ወንድም አንድ ጎረቤት በግጦሽ ድንበር ገድሎት ነበር። ባየ ያኔ ወጣት ነው፤ ገዳይ መሆንን ሸሽቶ ነው ሱዳን የገባው። ልጅ ሲወለድለት የባየ እናት ከአገር «ስሙን ደመላሽ በለው» ብላ ላከችበት፤ የአጎቱን ደም ይመልስ ብላ። ኋላ ግን ሽማግሌ ገብቶ ዕርቅ ወረደ፣ ካሳ ተከፈለ፣ ደሙ ደረቀ። ስሙ ብቻ ቀረ። ልጁ ስሙን እንደማንኛውም ስም ተሸክሞት አደገ። በቅርቡ ከዚያው ቀዬ የመጣ አንድ ጎረምሳ ገዳሪፍ ገበያ ላይ «አንተ ደመላሽ ነህ ወይስ የደም ሻጭ ልጅ?» ብሎ በሰው ፊት ሳቀበት። ከዚያን ቀን ወዲህ ልጁ ከአባቱ ጋር በአንድ ማዕድ አልቀረበም።

«የእኔን ደም ያደረቀው ያ ፊልም ነው» አለ አያ ባየ። «የእሱንም ያድርቀው።»

ይህን ሲለኝ እሺ ማለት አልቻልሁም። ምክንያቱን ለመናገር ወደ ኋላ መመለስ አለብኝ።

ሥራዬ ምን እንደነበር ለማያውቅ ላስረዳ። ፊልሙ የሚናገረው በእንግሊዝኛ ነው፤ ከሥር በዐረብኛ ይጻፍበታል። ተመልካቹ ደግሞ አብዛኛው ለአጨዳ ከጎንደር ቆላ የወረደ፣ ሁለቱንም የማያነብ ሰው ነው። ስለዚህ አንድ ሰው ከቴሌቪዥኑ ጎን ማይክ ይዞ ይቆምና ዐረብኛውን እያነበበ በአማርኛ ይናገራል። አስተርጓሚ እንለዋለን። ሸሪፉ ሲናገር «እኔ» ይላል፤ ሌባው ሲናገርም «እኔ» ይላል፤ ባሏ የሞተባት ስታለቅስም «እኔ» ነው። ለሁሉም አፍ ይሆናል፣ ለማንም አያዳላም።

እኔ ዐረብኛ የቆጠርሁት ሐጅ ዑስማን ቤት ተቀጥሬ ልጆቻቸው ሲያጠኑ አጠገባቸው እየተቀመጥሁ ነው። ቪዲዮ ቤቱን እንድጠርግ ሲልኩኝ ግድግዳ ላይ የተለጠፈውን ሁሉ ሳነብ ጋሽ መርሻ ሰሙኝ። ጋሽ መርሻ የቤቱ አስተርጓሚ ነበሩ፤ በልጅነታቸው የቆሎ ተማሪ ሆነው ቅኔ የጀመሩ፣ መከራ ሱዳን ያወረዳቸው ሰው። መጥረጊያውን ከእጄ ወሰዱና ማይኩን ሰጡኝ። «ድምፅሽ አቧራ የለበትም» አሉኝ፤ ሌላ ፈተና አልነበረም። ደመወዙ ከመጥረጉ ብዙም አይሻልም ነበር፤ የመኖሪያ ፈቃዴን ወረቀት ሐጅ በየዓመቱ ያሳድሱልኝ ስለነበር ግን አላማረርሁም።

ጋሽ መርሻ አንድን ፊልም ሦስት ጊዜ ሳያዩ ለሰው አፋቸውን አይከፍቱም። መጀመሪያ ድምፁን ዘግተው የሰዎቹን እጅና ፈረሶቹን ብቻ ያያሉ። ቀጥለው ጽሑፉን ያነባሉ። በመጨረሻ ዓይናቸውን ጨፍነው ይሰማሉ፤ ማን በየት በኩል እንደሚተነፍስ ለማወቅ። ዝንጅብል እያላመጡ ነው ይህን ሁሉ የሚያደርጉ። ከዚያ ሕጋቸው አለ፦ ሰዎቹ ዝም ሲሉ ዝም በይ። ከጥይቱ አትቅደሚ። ፈረስን ፈረስ ብለሽ አትለፊው፣ መልኩን ጥሪለት። መብራት ቢሄድ ደግሞ አታቁሚ፤ ጄኔሬተሩ እስኪነሣ ድረስ በጨለማው ውስጥ ታሪኩን ቀጥይ። ገዳሪፍ መብራት ሲሄድ አገሩ ሁሉ ዝም ይላል፤ ከእኛ ቤት ብቻ የሰው ድምፅ ይሰማ ነበር።

የፈረሱ መልክ ቀላል ነገር እንዳይመስላችሁ። ዳማውን መጋላ ያልሁ ዕለት ከኋላ አንድ የደምቢያ ሰው ተነሥቶ «እች ሴት የዓይን ሐኪም ትይ!» አለ። ሌላው «ተዋት ወንድም ዓለም፣ ሽጉጥ ስትተኩስ ነው የፈራሁ» አለው። ቤቱ በሳቅ ተናጋ። ጋሽ መርሻ ጣልቃ አልገቡም። እኔም አላቆምሁም። በሚቀጥለው ተኩስ ላይ እንደ ሕጉ ጥይቱን አስቀድሜ ዘግይቼ ብናገር ከኋላ ያ ሰውዬ ደንግጦ ከወንበሩ ወደቀ። ከዚያ ወዲያ ስለሴትነቴ ያነሣ አልነበረም።

ጋሽ መርሻ ወደ መፋዛ የላኩኝ ማስተርጎሙ ከእጄ ከገባ በኋላ ነው። ረሐድ ወንዝ ዳር በራኩባ፣ ማለት በሣር ዳስ ሥር፣ አንድ ቴሌቪዥንና አንድ ዴክ ይዤ አንድ አጨዳ ሙሉ ሠራሁ። እዚያ ነው የከብት ነጂዎቹን ፊልም ዋጋ ያወቅሁት። እኛ «የሺ ከብት ፊልም» እንለዋለን። ሽጉጥ የለበትም ማለት ይቀላል፤ ሰዎች ከብት እየነዱ አገር ያቋርጣሉ፣ ዝናብ ይመታቸዋል፣ ወንዝ ይሞላባቸዋል፣ ይደርሳሉ። በዚህ ፊልም የመፋዛ ዐረብ ከብት አርቢዎችና የእኛ ሰዎች ጎን ለጎን ተቀምጠው አንዱን በሬ ሲያደንቁ አየሁ። ሌላ ጊዜ አንድ ዝነኛ የተባለ ፊልም ባመጣ ጀግናው ከሩቅ ጋልቦ መጥቶ ፈረሱን አሥሮ በቀጥታ መጠጥ ቤት ገባ። ራኩባው ሁሉ ጮኸ፤ «ፈረሱን! ፈረሱን አጠጣው እንጂ፣ ያ ዞል፣ አንተ ሰው!» የቀረውን ፊልም ማንም አልተከተለም። ፈረሱ ተጠማ እያሉ ሲያዝኑ ቆይተው ሄዱ። ለጋሽ መርሻ ስነግራቸው አልሣቁም። «ደራሲው ፈረሱን ከረሳ ሰውንም ይረሳል» አሉ። የመግዣ ሕጋችን የወጣው እንዲህ ነው።

ሕጉ ብቻውን አይበቃም እንግዲህ። የካውቦይ ፊልም ቤቱ ሊያኖር የሚፈልግ ሰው ጽሑፉን ይይ። አንድ የጨው ሜዳ ላይ የተሠራ ውብ ፊልም ነበረን፤ ፈረሶቹም ይጠጣሉ። ነገር ግን ነጩ ዐረብኛ ነጭ መሬት ላይ ሲጻፍ አይታይም። ግማሹን ከራሴ ነው የምናገረው፤ ከራስ መናገር ደግሞ ከማስተርጎም ሥራ አይቈጠርም። እሱን ሣጥን ውስጥ አላስገባሁትም። የባቡር ጣቢያዋን ሴትዮ ፊልም ግን ማንም ቢለምነኝ አልሰጥም። ባሏ የሞተባት ሴት የበረሃ ጣቢያ ብቻዋን ትጠብቃለች፤ ሽፍቶቹ ሲመጡ ቁልፉን አልሰጥም ትላለች። በቃ፣ ታሪኩ ይኸው ነው። ሻይ የሚሸጡ ሴቶቻችን እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ተሰብስበው ይመጡና «ቁልፉን አትስጪ!» እያሉ ያበረቷታል። የመጀመሪያዋ ጊዜ ይመስል ሁልጊዜ ይፈሩላታል።

መንደር ስምንት በሚባለው መጠለያ ከትግራይ ጦርነት የሸሸ ስደተኛ በገባበት ጊዜም ሄጃለሁ። ያኔ ዴኩ ቀርቶ በላፕቶፕ ነው የማሳየው። የወሰድሁት ደህና ደህናውን ነበር፤ የመጀመሪያው ጥይት ሲጮህ ግን አንዲት እናት ልጇን አቅፋ ወጣች። ሌሎቹም ተከተሉ። አንድ አዛውንት ወደ እኔ መጥተው በትግርኛ የተቀላቀለ አማርኛ «ልጄ፣ ይህን ያየነው ነው» አሉኝ። በማግሥቱ የሺ ከብትን ፊልም አሳየሁ። በዚያ ፊልም ወንዝ ሞልቶ ከብቱ ሲሻገር ሰዉ ሁሉ ቆሞ ነበር የሚያይ። የትኛው ፊልም ለማን እንደሚሆን አለማወቅ በዚህ ሥራ ትልቅ ጥፋት ነው።

ትልቁ ውድቀቴ ግን ከዚያ ሁሉ በፊት የደረሰ ነው።

የጉራቻውን ፊልም ጋሽ መርሻ ከካርቱም ገዙት። ጉራቻ የጀግናው ጥቁር ፈረስ ነው። ሰውየው የወንድሙን ገዳይ ፍለጋ ከአገር አገር ይንከራተታል። ፊልሙን ሻጩ ቤት ቁጭ ብለው እንደ ልማዳቸው ሦስቴ አይተው ነው ያመጡት። ወቅቱ ክረምት ነበር፤ የገዳሪፍ ጥቁር አፈር በክረምት ምን እንደሚሆን ያየ ያውቃል። መኪናው ጭቃ ውስጥ ተቀርቅሮ ሰነበተ፣ ካርቶኑ ራሰ። ካሴቱ ሲደርስ በመስኮቱ በኩል በጥቅሉ ጠርዝ ላይ ነጭ ሻጋታ ይታያል።

«በጥላ ይድረቅ፣ አትንኪው» ብለውኝ ወጡ። እኔ ቅዳሜ የሚመጣውን ሰው አሰብሁ። በርበሬ የሚደርቅ በፀሐይ ነው። ሰሊጥም ታጭዶ፣ ታስሮ፣ በሂላ፣ በክምር ቆሞ የሚደርቅ በፀሐይ ነው። በእኛ አገር የራሰ ነገር ሁሉ መድኃኒቱ ፀሐይ ነው። ብሎኖቹን ፈትቼ፣ ሽፋኑን አንሥቼ፣ ቆርቆሮ ላይ በነጠላ አስጥቼ ፊቱን ለፀሐይ ሰጠሁት። እየተመላለስሁ እገለብጠው ነበር፣ እንደ በርበሬ።

ቅዳሜ ቤቱ ሞላ። ጋሽ መርሻ ማይኩን ያዙ፤ እኔ ዴኩ ጋር ነኝ። ፊልሙ እንደዚያ ቀን ሲያምር አላየሁም። ጀግናው ከብዙ መንከራተት በኋላ ጠላቱን አንድ ጉድጓድ አፍ ላይ አገኘው። ጠላቱ ውሃ እየቀዳ ነው፣ መሣሪያም የለው። ሁለቱ ተያዩ። በዚያች ቅጽበት ዴኩ አቃሰተ፤ ምስሉ ታጠፈ፣ በረዶ ሆነ። ስከፍተው ፀሐይ ያኮማተረው ክር እርስ በርሱ ተጣብቆ፣ በዴኩ ማንበቢያ፣ በሄዱ ላይ ተጠምጥሞ ነበር። ስስበው ተበጠሰ። የመጨረሻው ጥቅል ሁሉ በእጄ ላይ እንደ ደረቀ ልጥ ተሰባበረ።

ጋሽ መርሻ ወደ እኔ አላዩም። ቴሌቪዥኑን አጠፉና በጨለማው ውስጥ ቀጠሉ። ጠላቱ «ባልዲውን ላውጣ፤ ፈረስህ ጠምቶታል፤ ከዚያ የፈለግኸውን አድርግ» እንዳለ ተናገሩ። ባልዲው ወጣ፣ ጉራቻው ጠጣ። ከዚያ ሽማግሎች በበቅሎ ሲመጡ ተናገሩ። ገዳዩ ድንጋይ ተሸክሞ እግር ላይ ሲወድቅ፣ ካሳ ሲቈረጥ፣ ሁለቱ ከአንድ ጉድጓድ ሲጠጡ ተናገሩ። ከሰው መሐል አንድ ጎልማሳ ፊቱን በሁለት እጁ ሸፍኖ ሲንቀጠቀጥ በበሩ ስንጥቅ ብርሃን አየሁት። አያ ባየ ነበር። በዚያው ሰሞን ወደ አገሩ ሽማግሌ ላከ።

ሰው ከወጣ በኋላ ጋሽ መርሻ የተሰባበረውን ክር ከእጄ ተቀበሉኝ። «ካሴት የሚደርቀው እንደ ሐዘንተኛ ነው፣ በጥላና በዝግታ» አሉ።  ከዚያ የተረፈውን አጸዳሁ፤ ጫፉን ቆርጬ፣ ከጀርባው በኩል ለጥፌ፣ ባዶ ክር ቀጠልሁለት። ፊልሙን ከዚያ ወዲህ ስናሳይ ጉድጓዱ ጋ ስንደርስ እናጠፋለን፤ መጨረሻው በጨለማ ይነገራል። እሳቸው ካረፉ በኋላ እኔ በቃላቸው ስናገር ኖርሁ። «የዕርቁ ፊልም» እያልሁ ለስንቱ ቤት አከራየሁት፣ ለስንቱ ይህን ግዛ አልሁ።

አንድም ቀን አልተጠራጠርሁም። ካውቦይ አገር በበቅሎ የሚመጣ ሽማግሌ፣ ድንጋይ የሚሸከም ገዳይ ከየት ይመጣል ብዬ አልጠየቅሁም። ከቤቱም ውስጥ የጠየቀ አልነበረም። ዕርቅ በሌላ መንገድ እንደሚወርድ የምናውቅ አልነበርንማ።

ከካርቱም የሸሸው ቤተሰብ አባት ኡስታዝ ነበር፣ ፊልም የሚወድ አስተማሪ። ዕቃዬን ሳወጣ የጉራቻውን ካሴት አየና ዓይኑ በራ። ካዳናቸው ጥቂት ነገሮች መሐል ይኸው ፊልም በዲቪዲ ሙሉውን ነበረው። አብረን አየነው። ጉድጓዱ ጋ ደረስን። ጠላቱ «ባልዲውን ላውጣ፤ ፈረስህ ጠምቶታል» አለ። ይህስ እውነት ነው። ከዚያ ጀግናው ተኮሰ። ባልዲው ከነገመዱ ወደ ጉድጓዱ ተመለሰ። ሰውየው ፈረሱን ዘወር አድርጎ ሄደ፤ ጉራቻው አንገቱን ወደ ጉድጓዱ እንዳዞረ ፊልሙ አለቀ። ሽማግሌ የለም። ውሃም የለም። ጋሽ መርሻ ሦስቴ አይተው ያመጡት ይህንን ነበር፤ በጨለማ የነገሩን ግን ከራሳቸው የፈጠሩትን።

አያ ባየ «የእሱንም ያድርቀው» ብሎ የመጣብኝ በማግሥቱ ነው።

ለሦስት ነገር ነው ጸሎቴን ያደረስሁት፤ ላለመዋሸት፣ ልጁ እንዳይገድል፣ ለጋሽ መርሻም ነፍስ። ከዚያ አያ ባየን ጠራሁትና ነገርሁት። መጀመሪያ አልገባውም። ሲገባው ከመቀመጫው ተነሣ።

«ታዲያ እኔ ደሜን ያደረቅሁት በውሸት ነው?»

«ሽማግሎቹ ውሸት ነበሩ?»

«አይደሉም።»

«የማልኸው መሐላስ?»

«ኧረ በስመ ሥላሴ!»

«እንግዲያ ምን ውሸት አለው፤ ፊልሙ ነው ከአንተ ያነሰው» አልሁት።

ቁጭ አለ። «ለልጁ ግን ያንኑ የድሮውን ንገሪው» አለኝ። «በድምፅሽ። እኔ የሰማሁትን።»

«አልነግረውም፣ አያ ባየ። አሁን አውቄያለሁ። እያወቅሁ አልችልም።»

«ልጄ ይሙት?»

«አምጣው» አልሁ። «እሑድ ከቀትር በኋላ አምጣው።»

መደርደሪያው ባዶ ሆኗል፤ መስኮቶቹን በጆንያ ጋረድሁ። ኡስታዙ ዲቪዲውን አበደረኝ፤ ልጆቹንም ይዞ ወጣ። ደመላሽ ረጅም፣ ፊቱ ገና ለስላሳ ልጅ ነው። እዚህ ያደጉ ልጆቻችን አንቱታ አያውቁም፣ ቅርም አይለኝ።

«ኻልቶ፣ ወላሂ አታድክሚኝ» አለ ገና ሳይቀመጥ። «የአባቴን ፊልም በስልኬ አይቼዋለሁ። ከአንዴም ሁለት ሦስቴ። ይገድለዋል፤ ኸላስ፣ አለቀ።»

አባትየው ወደ እኔ አየ። እኔ ማይኩን አነሣሁ።

«ሦስቴ ካየኸው በሕጋችን ለማስተርጎም ደርሰሃል። አባትህ ዐረብኛ አያነብም፣ መጨረሻውንም አይቶት አያውቅም። የእኔም ዓይን አይችልም። ያዝ።»

«እኔ?»

«አንተ። ለሁሉም እኔ እያልህ ትናገራለህ። ሲናገሩ ትናገራለህ፣ ዝም ሲሉ ዝም ትላለህ። መብራት ቢጠፋ አስተርጓሚ አያቆምም። ሌላ ሕግ የለም።»

ሣቀ፤ ግን ያዘው። መጀመሪያ ላይ ያፌዝ ነበር። «ሸሪፉ ደግሞ ምን አለ፣ ብላ ብላ ብላ...» ሲል አባቱ «እንዲህ ብሎ አስተርጓሚ የለም!» ብሎ ገሠጸው። «ጥቁሩ ፈረስ» ሲልም «ጉራቻ በል!» አለው። ቀስ በቀስ ልጁ ገባበት። ዐረብኛው ከእኔ ይሻላል፤ ከእኔ የሚሻል ደግሞ የጀግናው ቁጣ በድምፁ ላይ ነበር። «እኔ የወንድሜን ደም ሳልመልስ አልተኛም» ሲል አልተረጎመም፤ ራሱ ነው የተናገረ። አያ ባየ ጋቢውን ጠበቅ አድርጎ ያዘ። እኔ ከማጫወቻው አጠገብ፣ ከዋናው ማብሪያ ማጥፊያ ሥር ቆሜያለሁ።

ጉድጓዱ ጋ ደረስን። ጠላቱ ቀና አለ። ጽሑፉ ወጣ። ደመላሽ ማይኩን ወደ አፉ አስጠግቶ ዝም አለ። እስካሁን የጠላቱን ቃል በጥድፊያ ነበር የሚያልፍ።

«ተናገር» አልሁት። «እሱም እኔ ነው የሚል።»

«እኔ...» አለ። «እኔ መሣሪያ የለኝም። ባልዲውን ላውጣ። ፈረስህ ጠምቶታል።»

ያኔ አጠፋሁት። ማብሪያ ማጥፊያውን ወደ ታች አወረድሁ፤ ክፍሉ ጨለመ።

«መብራት ሄደ!» አለ አያ ባየ።

«አልሄደም» አልሁ። «እኔ ነኝ ያጠፋሁት። አስተርጓሚ አያቆምም። ቀጥል ልጄ።»

«ኻልቶ፣ መጨረሻውን ታውቂዋለሽ እኮ!»

«እኔ ማይክ አልያዝሁም።»

ከውጭ የኡስታዙ ልጆች ሲጫወቱ ይሰማል። በጆንያው ክር መሐል የሚገባው ብርሃን ፊቱን አያሳየኝም፤ ትንፋሹን ግን በባትሪ የሚሠራው ማይክ አጉልቶ ይሰጠኛል። ጋሽ መርሻ ሦስተኛው ዕይታ በጆሮ ነው ያሉት ገባኝ። አንድ ጊዜ «ሽጉጡን...» ብሎ ጀመረ። አቆመ።  እኔ ቃል አላቀበልሁም። ቢገድለው ይግደለው፤ በገዛ አፉ ይበለው፣ ከዚያም በገዛ አፉ «እኔ» ብሎ ይሙትለት ብዬ ወስኜ ነበር።

«ባልዲውን...» አለ ደመላሽ፣ ድምፁ ወርዶ። «ባልዲውን አወጣ።»



አያ ባየ መታገሥ አቃተው። ልክ እንደ ድሮው፣ ከራኩባ ሥር እንደተቀመጠ አጫጅ ጠየቀ፤ «ጠጣ?»



«እየጠጣ ነው» አለ ልጁ።

መብራቱን ቶሎ አላበራሁም። ፈረስ እየጠጣ አይቋረጥም።

ሊወጡ ተነሡ። ደመላሽ ማይኩን ገመዱን ጠቅልሎ፣ በአግባቡ አስቀመጠልኝ። ለአያ ባየ የጉራቻውን ካሴት ሰጠሁት፤ መጨረሻ የሌለውን፣ እኔ በፀሐይ ያቃጠልሁትን። ዴክ የለኝም ቢለኝም ያዘው አልሁት። የካውቦይ ፊልም ልግዛ፣ አንድ ብቻ ምረጪልኝ የሚለኝ ሰው ካለ ያንን ነው የምለው፤ ሙሉውን ሳይሆን ያንን የተበጠሰውን። ሙሉውን ለኡስታዙ መለስሁለት። በሣጥኔ ውስጥ የሺ ከብትና የጣቢያዋ ሴትዮ ከሌሎች ጥቂት ጋር አሉ። በየክረምቱ በጥላ አናፍሳቸዋለሁ።

በመተማ መግባታቸውን ሰማሁ፤ ከዚያ ብዙ ጊዜ ወሬ የለም። በየማታው ጸሎቴ ላይ የልጁን ስም ሳነሣ ስሙ ራሱ ያስፈራኛል፤ ቢሆንም አነሣዋለሁ። በቀደም አያ ባየ ከሰው ስልክ ደወለ። ድምፁ ይቆራረጣል። ስለ ቤቱ ክዳን፣ ስለ ዝናቡ፣ ስለ ጉልበቱ አወራኝ። ልጁን ለመጠየቅ አፌ ፈራ። በመጨረሻ ራሱ አነሣው።

«ደመላሽ ዛሬ ከብቶቹን ይዞ ወደ ወንዙ ወረደ» አለኝ። «ብቻውን። መውረጃው ደግሞ በነዚያ ደም በነበረን ሰዎች ደጅ ነው፣ ሌላ መንገድ የለውም። ከብቶቻቸውም እዚያው ናቸው የሚጠጡ።»

ስልኩን በሁለት እጄ ያዝሁ። «ተመለሰ?»

«ተመለሰ።»

«ከብቶቹስ?»

«ጠጥተዋል፣ እትየ ትርንጎ» አለ። «የኛም የነሱም ጠጥተዋል።»